ዲዳ የተባሉት አምስት ጠገራዎች

አንጥረኛው አጎቴ ጠገራ ብር ሲመጣላቸው በዓይናቸው አያዩትም ነበር። በግራ እጃቸው ሌባ ጣት ጫፍ ላይ ያስቀምጡታል፤ በቀኝ እጃቸው ሌላ ብር ይዘው ጠርዙን ነካ ያደርጉታል፤ ከዚያ ጣታቸውን ወደ ጆሯቸው ያስጠጋሉ። ደህና ብር ከሆነ ድምፁ ቀጭን ነው። እንደ ክር ይረዝም ይረዝምና የት ላይ እንደተበጠሰ ሳይታወቅ ያልቃል። በአሸዋ ቅርጽ የፈሰሰ እርሳስ ከሆነ ግን “ጠጭ” ብሎ ይቀራል። እንዲህ ያለውን “ዲዳ” ይሉታል። እሳቸው ዲዳ ያሉትን ብር በመካነ ሰላም ገበያ የሚነካው አልነበረም።

ጠገራ የሚባለው አያቶቻችን ከወረቀት ብር በፊት ይገበያዩበት የነበረ፣ ከፈረንጅ አገር የመጣ ትልቅ የብር ሳንቲም ነው። እኔ ነፍስ ሳውቅ የሚገበያይበት አልነበረም፤ ግን በየቤቱ ሣጥን ውስጥና በየሴቱ አንገት ላይ ነበር። ከወግዲም ከከላላም ሰው እየያዘው ወደ አጎቴ ይመጣል። አንዱ ሊሸጠው ይፈልጋል፤ አንዷ ቀልጦ አምባር እንዲሆንላት ትፈልጋለች፤ ሌላው ደግሞ አባቱ የተዉለት ነገር እውነተኛ መሆኑን ማወቅ ብቻ ይፈልጋል።

እኔ አጎቴ ዘንድ የገባሁት ከትምህርት ቤት ሸሽቼ ነው። ስድስተኛ ክፍልን ጨርሼ ሰባተኛ በገባሁ በሳምንቱ መምህሩ “ወጥተሽ አንብቢ” አለኝ። ወጣሁ። መጽሐፉን ያዝኩ። ማንበብ እችል ነበር፤ ድምፄ ግን አልወጣም። ላብ አጠመቀኝ፤ ልጆቹ ሳቁ። በማግሥቱ ሆዴን አመመኝ አልኩ፤ በሦስተኛው ቀንም ሆዴን አመመኝ አልኩ፤ በዚያው ቀረሁ። እናቴ “ወንድሜ ዘንድ ሄዳ ወናፍ ትንፋ፤ እዚያ የሚያናግራት የለም” አለች። መንግሥት ተለውጦ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። የሰፈራችን ልጆች ዐረብ አገር መሄድ የጀመሩበት፣ ሞባይል ግን ገና ከተማችን ያልገባበት ጊዜ ነበር።

የአጎቴ የሥራ ቤት ከመስጊዱ ጀርባ ያለች አንዲት የጭቃ ክፍል ናት። ዓይናቸውን ሞራ እየጋረደው ነበርና ጥቃቅኑን ነገር የሚያይላቸው ሰው ያስፈልጋቸው ነበር። እኔ ከሰል እጨምራለሁ፣ ወናፍ እነፋለሁ፣ ብር ሲበይዱ በወረንጦ ይዤ አቆማለሁ። ሰው ሲገባ ፊቴን ወደ ወናፉ አዞራለሁ። “ይህቺ ልጅ አፍ አላት?” ብለው ሲጠይቁ አጎቴ “ዓይን ነው ያላት፤ አፉ የእኔ ይበቃናል” ይሉ ነበር።

ጠገራን እንዴት እንደሚለዩ ያስተማሩኝ ቀስ በቀስ ነው። በአንድ በኩል ራሷን የተከናነበች፣ ሞላ ያለች ንግሥት አለች። ትከሻዋ ላይ ያለችው ጌጥ ዙሪያዋን ጥቃቅን ፍሬዎች ከብበዋታል። “ዘጠኙን ቁጠሪ” ይሉኛል። እቆጥራለሁ። በሌላው በኩል ሁለት ራስ ያለው አሞራ አለ፤ ክንፉ ላይ ያሉት ላባዎች እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ተለይተው ካልታዩ መጠርጠር ነው። ከሁሉም በላይ ግን ጠርዙን እንዳይ ይነግሩኝ ነበር።

“ሌባ ፊቷን በጭቃ ላይ አትሞ ይገለብጣል። አሞራውንም ይገለብጣል። ጠርዙ ላይ ያለውን ጽሕፈት ግን አይችለውም፤ ሲያፈስሰው ይድበሰበሳል። ጥፍርሽን አስኪጅበት። ይሻክርሻል?”

“ይሻክረኛል።”

“እንግዲያው ሰው የሠራው ብር ነው። ሌባ የሠራው አይደለም።”

ፊደሎቹን ከአምስተኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ትምህርት አውቃቸዋለሁ። ምን እንደሚሉ ባይገባኝም አንድ በአንድ እለያቸው ነበር። ሰው በሌለ ጊዜ ብሩን እያዞርኩ በድምፅ አነባቸዋለሁ። እዚያ ውስጥ ድምፄ ይወጣል።

አንድ ጊዜ ከዐረብ አገር የተመለሰ ወጣት ጥቁር መነጽሩን ሳያወልቅ ገባና ሦስት ጠገራ ወረወረልን።

“ጋሼ፣ እኔ አልሸወድም። ሦስቱም ላይ የተጻፈው ዓመት አንድ ነው። ጎረቤቴ ያለውም ያው ነው። ይኼ በአንድ ቀን የተሠራ ፎርጂድ ነው።”

አጎቴ አንዱን አስጮሁና ሰሙት። “ልጄ፣ ሴትዮዋ እኮ በዚያ ዓመት ሞታለች። ከሞተች በኋላ ዕድሜዋ ይጨምር?”

ወጣቱ መነጽሩን አወለቀ። እኔ ወናፉ ላይ ተደፍቼ ሳቅኩ።

እንግዲህ የአምስቱ ጠገራዎች ነገር የተነሣበት ሐሙስ የመጣው እህል ከገባ በኋላ፣ ሠርግ በሚበዛበት ወቅት ነው። ጠዋት ብርዱ ገና ሳይለቅ ሁለት ሰዎች መጡ። አንደኛው የከተማችን በቅሎ ነጋዴ ነው፤ ድምፁ ከደጅ ይሰማል። ሁለተኛዋን አላውቃቸውም ነበር፤ ከከላላ በኩል የመጡ፣ ጫማቸው አቧራ የለበሰ ሴት ናቸው። በሩ ላይ ቆመው ቀሩ። እጃቸው ደጋግሞ ወደ አንገታቸው ይሄዳል፤ እዚያ ግን የሚነካ ነገር የለም፤ ይመለሳል።

“አሰላሙ አለይኩም፣ ጋሼ።”

“ወአለይኩሙ ሰላም። ዛሬ ደግሞ በቅሎ ልታስበይድ ነው?”

“በቅሎ አይደለም፤ መህር ነው” አለና ነጋዴው ሙሽራው ለሙሽሪት የሚሰጠው ጥሎሽ የታሰረበትን ጨርቅ ፈታ። አምስት ጠገራ ነበር። “የእህቴን ልጅ እሑድ ኒካ እናስርላታለን። ድሮ ለእናቷም በጠገራ ነው የታሰረው፤ እኛም በጠገራ አልን። እኚህ የሙሽራው እናት ናቸው። ይኸው አመጡ። እኔ ደግሞ ታውቃለህ፣ ጥርሷን ሳላይ በቅሎ አልገዛም።”

“እየን” ብለው ሴትዮዋ ዝቅ ባለ ድምፅ ተስማሙ። “ደግ ነው። ይታይ።”

አጎቴ አንደኛውን ጣታቸው ላይ አስቀምጠው ነኩት። ጠጭ። ሁለተኛውን ነኩት። ጠጭ። ፊታቸው ተለወጠ። ሦስተኛው፣ አራተኛውና አምስተኛውም እንዲሁ ሆኑ።

ብሮቹን ወደ እኔ ገፉልኝ፤ እኔም እንደ ልማዴ ጠርዛቸውን በጥፍሬ አስኬድኩ። ሻከረኝ። ፊደሎቹ አሉ። ኤም፣ ኢ፣ ኤን፣ ቲ። ሁሉም ጥርት ብለው አሉ። አንድ ቦታ ላይ ብቻ የምስር ፍሬ የምታህል ለስላሳ ስፍራ አለች። ሌባ የማይችለው ጽሕፈት አለ፤ ድምፅ ግን የለም። ሁለቱ ነገር አልገጥም አለኝ። ቀና ስል አጎቴ አፋቸውን ከፍተዋል።

“ምን ልበል? አምስቱም ዲዳ ናቸው።”

እዚህ ላይ “አጎቴ፣ ጠርዙን ልብ ይበሉት” ማለት ነበረብኝ። ምላሴ ላይ ነበር። በቅሎ ነጋዴው ግን ቀድሞኝ ሳቀ፤ ክፉ ሳቅ ነበር።

“እትዬ፣ ልጅቷን በእርሳስ ሊወስዷት ኖሯል?”

“ወላሂ፣ ብር ነው” አሉ ሴትዮዋ።

“ብር ከሆነ ለምን አይጮህም?”

የሴትዮዋ እጅ እንደገና ወደ አንገታቸው ሄደ። “አላህ ያውቃል። ብር ነው” አሉ።

“እሱ ያውቃል፤ እኛም ዐወቅን። ጋሼ፣ ብሮቹ እዚህ ይቀመጡ። ነገ ከጁምዓ በፊት ሽማግሎች እቤታችን ይሰበሰባሉ፤ ይዘኸው ና፤ የነገርከኝን ትነግራቸዋለህ። ኒካ የተባለው ቀረ።”

ሴትዮዋ ሳይሰናበቱ አልሄዱም። አጎቴን “ጤና ይስጥልኝ” አሉ፤ እኔን ደግሞ ለአፍታ አዩኝ። የመጡበትን የከላላን መንገድ ሳይሆን ወደ ከተማው ውስጥ፣ ምናልባት ወደ ዘመድ ቤት፣ ሲሄዱ በበሩ አየኋቸው። ልጃቸው ሊያገባ ነው፤ እናቱ አጭበርባሪ ተብላለች። ይህን ቃል ከከላላ እስከ መካነ ሰላም ያሉ በቅሎዎች እንኳ ይሸከሙታል።

ያን ቀን ምሳ አልበላሁም። ከሰዓት በኋላ አጎቴ ለዐሱር ሶላት ወጡ። አንዲት ሙሽራ የምትለብሰው ጠገራ ነበረን፤ ጠዋት አጎቴ ማንጠልጠያ በይደውለታል፤ እኔ በሎሚና በአመድ ማሸት ነበረብኝ። አሸሁት፣ አጠብኩት። እንዲያው ልማድ ሆኖብኝ ጣቴ ላይ አስቀምጬ ነካሁት።

ጠጭ አለ።

ደግሜ ነካሁት። ጠጭ። ይህን ብር ግን በዋዜማው ራሴ ነኝ ያስጮህኩት፤ ድምፁ እስከ በሩ ተከትሎኝ ነበር። ያኔ ማንጠልጠያ አልነበረውም። አሁን አለው። ማንጠልጠያው ድምፁን ይዞታል።

አምስቱን ብሮች ከጨርቁ አውጥቼ በረድፍ ደረደርኳቸው። ለስላሳዋን ስፍራ በየአንዳንዱ ላይ ፈለግኩ። በአንደኛው ላይ የጠፋው ኤን ነው፤ በሌላው ቲ ነው፤ በሦስተኛው በፊደሎቹ መካከል ያለው ጌጥ ነው። የጠፋው ፊደል ይለያያል። ንግሥቲቱን ቀጥ አድርጌ ሳስቀምጣት ግን ቦታው አንድ ነው፤ በአምስቱም ላይ ልክ ከራሷ በላይ ነው። ማንጠልጠያ የሚበየደው ደግሞ እዚያ ነው፤ አለበለዚያ ንግሥቲቱ ተዘቅዝቃ ትንጠለጠላለች። ስንቱን ብር በዚያ ቦታ በወረንጦ ይዤ ቆሜያለሁ! አንድ ሰው አምስቱን ማንጠልጠያ ነቅሎ፣ ጠባሳው እንዳይታይ በእርሳስ ደፍኖ በሞረድ አለስልሶታል። የሴትዮዋ እጅ ለምን ወደ አንገታቸው እንደሚሄድ ያን ጊዜ ገባኝ።

ማረጋገጫው አንድ ነው፤ እሳት። እርሳስ ቶሎ ይቀልጣል፤ ብር ይቆያል። ነገር ግን የሰው መህር ነው። ከተሳሳትኩና ሁለመናው እርሳስ ከሆነ ከሰሉ ላይ ፈስሶ ይቀራል፤ ነገ ሽማግሎች ፊት ከአምስቱ አንዱ ይጎድላል። አንዱን በጉጠት ያዝኩ፤ መልሼ አስቀመጥኩት። እንደገና ያዝኩት። ወናፉን በእግሬ ቀስ እያልኩ ነፋሁ። ጠርዙን ብቻ ወደ ፍሙ አስጠጋሁት። ምንም የለም። ትንሽ ቆየሁ። ከዚያ ከንግሥቲቱ ራስ በላይ አንዲት ጠብታ አበጠች፤ አብረቀረቀችና ወደ አመዱ ወደቀች።

ብሩ ሲበርድ ጣቴ ላይ አደረግኩት። ነካሁት። ዘፈነ።

“ያ የማን ድምፅ ነው?” አሉ አጎቴ ከበሩ። ሶላታቸውን ጨርሰው ሲመለሱ ሰምተውታል።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ብሩን ተቀብለው ጠባሳውን በአውራ ጣታቸው ደጋግመው ዳሰሱት።

“ማንጠልጠያ ያለበት እንደማይጮህ እኔም አውቃለሁ። እነዚህ ግን ምንም የላቸውም ብዬ ነው። ዳሰስኳቸው እኮ!” ጣታቸውን አዩት፤ በእሳትና በመዶሻ የደነደነ ጣት ነው። “ሱብሃነላህ። ጠዋት አይተሻል?”

“ፊደሎቹን አይቻለሁ።”

“ለምን ዝም አልሽ?”

ፍሙን በአመድ መሸፈን ጀመርኩ። እሳቸውም አልቆጡኝም። አራቱን ብሮች መልሰው በጨርቁ ቋጠሩ።

“እነዚህን አትንኪ። ነገ ሽማግሎቹ ፊት ታደርጊዋለሽ።”

“እኔ? አንቱ ይንገሯቸው እንጂ!”

“እኔማ ዲዳ ናቸው ብያለሁ። ዛሬ ዲዳ ነገ ዘፋኝ ናቸው ብል፣ ‘ከላላዎች ስንት ሰጡህ?’ ይለኛል ያ በቅሎ ሻጭ። ያየሽው አንቺ ነሽ። ያየ ነው የሚመሰክረው።”

በማግሥቱ ጠዋት ትንሽ የከሰል ምድጃና የእጅ ወናፍ ተሸክሜ ከአጎቴ ኋላ ሄድኩ። መንገዱ እንዲረዝም ለመንኩ፤ አልረዘመም። በሙሽራዋ ቤት ግቢ ሽማግሎቹ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። መካከላቸው አንድ ሼህ አሉ። የልጁ እናት ራቅ ብለው በርጩማ ላይ ናቸው። በቅሎ ነጋዴው ቆሟል። ሙሽራዋ እንደሆነች የገመትኳት ልጅ በመጋረጃው ስንጥቅ ታያለች።

“ጋሼ፣ ያልከኝን ድገምላቸው” አለ ነጋዴው።

“ያልኩህን አልደግምም። ይህቺ የእህቴ ልጅ የምትለው አላት።”

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። የሰባተኛ ክፍሉ ላብ እንደገና መጣ። ምድጃውን መሬት አስቀምጬ ፍሙን መንፋት ጀመርኩ፤ እጄ ሥራ ሲይዝ ትንፋሼ መለስ አለልኝ።

“ብሮቹ ማንጠልጠያ ነበራቸው” አልኩ።

“ምን አለች?” አሉ አንድ ሽማግሌ።

“ድምፅሽን አውጪ እንጂ፣ እንደ ብሮቹ ሆንሽብን!” አለ ነጋዴው፤ አንዳንዶች ሳቁ።

ቀና ሳልል ድምፄን አወጣሁ። “ብሮቹ ማንጠልጠያ ነበራቸው ነው የምለው! ነቅለውላቸው ጠባሳውን በእርሳስ ደፍነውታል። እርሳሱ ነው ድምፁን የያዘው። ብሩ ደህና ብር ነው። ጠርዙ ላይ ያለውን ጽሕፈት ሌባ አይችለውም። ትላንት ማለት ነበረብኝ፤ ፈርቼ ነው ዝም ያልኩት።”

እንዲህ ብዙ ቃል በአንድ ጊዜ በሰው ፊት ተናግሬ አላውቅም። ሼሁ “አሳዪን፣ ልጄ” አሉኝ።

አንዱን ብር በጉጠት ይዤ ወደ ፍሙ አስጠጋሁ። ነጋዴው በቅሎ ጥርስ እንደሚያይ ሰው አጎንብሶ አፍጥጦ ተመለከተ። ጠብታዋ ስትወርድ “ኧረ!” አለ። አበረድኩና ለአጎቴ ሰጠኋቸው። እሳቸው ግን መለሱልኝ፤ “አንቺው ንኪው።” ነካሁት። ድምፁ በግቢው ውስጥ ረዘመ፤ ውጭ የሚያልፍ ሰው እንኳ ቆም ያለ መሰለኝ። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም፣ አራተኛውም እርሳሳቸውን ጥለው ጮኹ፤ ትላንት የሞከርኩት አምስተኛውም አብሯቸው ጮኸ።

ሼሁ ወደ ልጁ እናት ዞሩ። “እትዬ፣ ይህን እያወቁ ትላንት ለምን አልተናገሩም?”

ሴትዮዋ መሬት መሬት አዩ። “የራሴ መህር ነው። ከተዳርኩ ጀምሮ አንገቴ ላይ ነበር። ዘንድሮ ሌላ አልነበረንም። ከላላ ገበያ በአንድ አንጥረኛ አስነቀልኩት፤ ‘ምልክቱ እንዳይታይ አድርግልኝ’ አልኩት። ከአማቷ አንገት ወልቆ ተሰጣት እንዳይባል ነው። ልጅቷ ቤቴ ስትገባ፣ ባዶ አንገቴን ባየች ቁጥር እንዳትሳቀቅ ብዬ ነው። እርሳስ ድምፅ እንደሚያስጠፋ አላወቅሁም።”

በቅሎ ነጋዴው ጭንቅላቱን አከከ።

“እትዬ፣ አፉ ይበሉኝ” አለ በመጨረሻ። “በቅሎ ላይ ቢሆን አልሳሳትም ነበር።”

“በቅሎ ላይም ተሳስተሃል” አሉ አንዱ ሽማግሌ፤ “ባለፈው የሸጥክልኝ ታነክሳለች።” ያኔ ሁሉም ሳቀ፤ ሴትዮዋም ጭምር ከሻሻቸው ጫፍ ኋላ ሳቁ።

ኒካው እሑድ ታሰረ።

ከዚያ በኋላ አጎቴ ጠገራ ሲመጣላቸው መጀመሪያ ለእኔ ይሰጡ ጀመር። “ጆሮው ከእኔ፣ ዓይኑ ከእሷ ነው። እሷን ጠይቋት” ይላሉ፤ ሰውም ይጠይቀኛል፤ እኔም ፊቴን ወደ ወናፉ ሳላዞር ለመመለስ እሞክራለሁ። ሁልጊዜ አይሳካልኝም።

ወር ሳይሞላ ሙሽራዋ ራሷ መጣች። በመጋረጃው ስንጥቅ ያየኋት ዓይን ናት። አምስቱን ብሮች አወጣችና ማንጠልጠያ እንድንበይድላት ጠየቀች።

“ሦስቱ በአንድ ክር፣ ሁለቱ በሌላ ክር ይሁኑ።”

“ሁለቱ ለማን ነው?” አሉ አጎቴ።

“ለአማቴ። መህሬ የራሴ ነው ተብሎ የለ? ለፈለግኩት እሰጣለሁ። እምቢ ቢሉ ደግሞ እጃቸው ያርፍላቸዋል? ቀኑን ሙሉ አንገታቸውን ይነካሉ።”

አጎቴ ወረንጦውንና መበየጃውን ለእኔ ሰጡኝ። አምስቱንም ከንግሥቲቱ ራስ በላይ፣ በዚያችው ጠባሳ ላይ በየድኩ። በእርሳስ ሳይሆን በብር ነው የበየድኩት። ስጨርስ አንዱን ጣቴ ላይ አድርጌ ነካሁት።

“ምን አለ?” አሉ አጎቴ።

“ዲዳ ሆኗል።”

“ደግ። አሁን የሚያስጮኸው የለም፤ ይለበስ።”

ሁለቱን ብሮች ያየኋቸው ከረጅም ጊዜ በኋላ ነው። የገበያ ቀን ነበር። ሴትዮዋ ከከላላ ጓደኞቻቸው ጋር በሥራ ቤታችን ደጅ አለፉ። ሰላምታ ሰጡኝ፤ እኔም ከፍ ባለ ድምፅ መለስኩ። ወሬ ላይ ስለነበሩ ብዙ አልቆሙም። እያወሩ እጃቸው እንደ ልማዱ ወደ አንገታቸው ሄደ፤ ሁለቱን ብሮች አገኘና እዚያው ቆየ።